ብርሃን የጠጣ ውሃ

«ጋሼ፣ ስኳር ሲገባበት ምንም አልሆነም። ጨው ሲገባበት ግን ጠፋ!»

የእህቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት። የወጥ ቤቱን መብራት አጥፍተን፣ መጋረጃውን ጋርደን ቆመናል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ቶኒክ አለ፤ ከሱቅ የተገዛ፣ በቀን ብርሃን ከአምቦ ውሃ በዓይን የማይለይ ቶኒክ። ልጅቷ የያዘችው ነጋዴዎች ፎርጅድ ብር የሚለዩበትን ትንሽ ሐምራዊ የእጅ ባትሪ ነው። ቅድም ስታበራባቸው ሁለቱም ብርጭቆዎች ከአፋቸው እስከ ቂጣቸው በሰማያዊ ብርሃን ተሞልተው ነበር። ሽንኩርቷን ትታ የመጣችው እናቷ እንኳ፣ «ይሄን ነው እንዴ ሰው የሚጠጣው?» ብላ ጠጋ አለች። አሁን የሚበራው ስኳር የገባበት ብቻ ነው። ጨው የገባበት አረፋውን ገንፍሎ ከጨረሰ በኋላ ድርግም ብሏል።

ልጅቷ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ወሰደችና መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችው። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ አልደፈረሰም፣ ቀለም አልያዘም። ተመልሳ ባትሪውን አበራችበት። ምንም የለም።

«ጨው እኮ ነጭ ነው ጋሼ። ምኑን ነው ያጠፋው? ብርሃኑስ የት ሄደ?»

ብርሃኑ የት ሄደ ብሎ ለመመለስ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይቀድማል። እሱን ለማወቅ ደግሞ መጠጡን ሠርቶ ማየት ነው የሚሻለው፤ ስለዚህ ከወጥ ቤቱ ልጀምር።

የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው። ቶኒክ በየሱፐርማርኬቱ አለ፤ ጠርሙሱ ላይ ኩዊኒን እንዳለበት የተጻፈበትን መምረጥ ነው። መብራቱ አልትራቫዮሌት፣ የትምህርት መጽሐፎቻችን ልዕለ ሐምራዊ የሚሉትን ጨረር የሚያወጣ ይሁን። የፎርጅድ መለያው ባትሪ ይበቃል፤ የውበት ሳሎኖች የጥፍር ቀለም የሚያደርቁበት ሳጥን መሰል መብራትም ይሆናል። ለጀርም መግደያ የተሠሩ መብራቶችን ግን ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ የእነሱ ጨረር ዓይንና ቆዳ ይጎዳል። በየትኛውም መብራት ቢሆን ብርሃኑን ወደ ሰው ዓይን ማዞር አይገባም፤ ይህን ለልጆች አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

እኛ ቤት የተሠራው ከብርዝ ጋር ነው። ነጭ ማር ለብ ባለ ውሃ በስሱ ይበጠበጥና ይጠለላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግማሽ ብርጭቆ ብርዝ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ቶኒክ በቀስታ ይጨመራል፤ ጥቂት ጠብታ ሎሚ ይከተላል። ጌሾ ለጠጅ የሚሆንለትን የቶኒኩ ምሬት ለዚህ መጠጥ ይሆንለታል፤ ጣፋጩን ቆንጠጥ አድርጎ ይይዘዋል። ሎሚው ከጣዕም ሌላም ጥቅም አለው፤ ኩዊኒን ኮምጣጣ በሆነ ውሃ ውስጥ ይበልጥ ያበራል። ብርዙን አታወፍሩት፤ ቀለም ያለው ማር ሲበዛ ጨረሩን ራሱ እየያዘ ለኩዊኒኑ ሳይደርስ ያስቀረዋል። እንጆሪ፣ ቀይ ስርና ማንጎም እንደዚሁ ናቸው፤ ቢጣፍጡም ብርሃኑን ይውጡታል። ቶኒኩን በበረዶ ማስቀመጫ አቀዝቅዞ ቁርጥራጩን በንጹህ ውሃ ላይ ማንሳፈፍም ይቻላል። ልጆቹ በጣም የወደዱት እሱን ነው።

መብራቱ ሲጠፋ ይህ ሁሉ ሰማያዊ በቅጽበት ይጠፋል። ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ኩዊኒን የራሱ ብርሃን የለውም። በማታ ብልጭ ድርግም የሚሉት ጥንዚዛዎች በሰውነታቸው ውስጥ በሚካሄድ ኬሚካላዊ ሂደት ብርሃን ያመነጫሉ፤ አንዳንድ የሰዓት ቁጥሮች ቀን የተቀበሉትን ብርሃን አቆይተው ማታ ይለቁታል። ኩዊኒን የሚያደርገው ከሁለቱም የተለየ ነው። ዓይናችን የማያየውን ጨረር ተቀብሎ ዓይናችን ወደሚያየው ብርሃን ይለውጠዋል፤ ይህንንም ሰከንድ ለ50 ሚሊዮን ቢከፈል የአንዱን ክፋይ ያህል በሆነ ጊዜ ውስጥ ይጨርሳል። ክስተቱ ፍሎረሰንስ ይባላል። ጣሪያችን ላይ የሚሰቀለው ረጅም ነጭ ፍሎረሰንት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ትነት የሚያወጣው በአብዛኛው የማይታይ ጨረር ነው፤ መስታወቱ ከውስጥ የተቀባው ነጭ ዱቄት ያንን ተቀብሎ የምናነብበት ብርሃን ያደርገዋል።

ቁጥሩን ለሚወድ አንባቢ እንዲህ ነው። የሰው ዓይን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል። ኩዊኒን አብዝቶ የሚቀበለው በ350 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን፣ ከሐምራዊ ወዲያ ያለውን ጨረር ነው። ጨረሩ ሲያርፍበት ከሞለኪውሉ ኤሌክትሮኖች አንዱ ወደ ከፍተኛ የጉልበት ደረጃ ይወጣል። እዚያ አይቆይም። መጀመሪያ ከተቀበለው ጉልበት ጥቂቱን በንዝረት ለአካባቢው ውሃ ይሰጣል፤ የቀረውን ይዞ ወደ ቦታው ሲመለስ ያ የቀረው በ450 ናኖሜትር አካባቢ ሰማያዊ ብርሃን ሆኖ ይወጣል። የገባው 350፣ የወጣው 450፤ በመሃል የጎደለው ጉልበት ሙቀት ሆኗል። ከዚህ የተነሣ ቀይ መብራት ቶኒኩን አያበራውም። ከራሱ ያነሰ ጉልበት ካለው ብርሃን ተነሥቶ ሰማያዊ ሊወጣ አይችልም።

ሞለኪውሉ የሚይዘውን ሁሉ መልሶ ብርሃን ያደርጋል ማለትም አይደለም። በሰልፈሪክ አሲድ የሟሟ ኩዊኒን ከሚይዛቸው 100 የብርሃን ቅንጣቶች መልሶ የሚሰጠው 55 ያህሉን ነው። ይህ ልክ በጥንቃቄ ስለተጠና የላቦራቶሪ ሰዎች የሌሎችን ነገሮች ፍሎረሰንስ የሚለኩት ከእሱ ጋር እያነጻጸሩ ነው። ለወባ ሲሰጥ የኖረው መራራ መድኃኒት የብርሃን መስፈሪያም ሆኗል።

የፍሎረሰንስ ታሪክ ከመነሻው ከመጠጥ ጋር የተያያዘ መሆኑ ይገርመኛል። በሴቪል ይኖር የነበረው ስፔናዊው ሐኪም ኒኮላስ ሞናርዴስ እ.ኤ.አ. በ1565 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጽሑፍ ከሜክሲኮ ስለሚመጣ አንድ እንጨት ተናግሯል። የእንጨቱ ፍልጥ ውሃ ውስጥ ሲነከር ውሃው ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰዎች ለኩላሊትና ለሽንት ሕመም ይጠጡታል። ስለ ፍሎረሰንስ በጽሑፍ ከቀሩልን ምስክርነቶች ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ እንግዲህ ስለሚጠጣ ውሃ የተጻፈ ነው። ውሃውን የሚያበራው ንጥረ ነገር ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚፈጠር ተመርምሮ የታወቀው 2009 ላይ ነበር።

ኩዊኒን የተገኘው ደግሞ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ላይ ከሚበቅለው የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ለትኩሳት መድኃኒትነት አውሮፓ የገባው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው፤ በ1820 ፔልቲዬ እና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ፓሪስ ላይ ከቅርፊቱ ውስጥ ኩዊኒንን ለይተው አወጡ። ወባ በነገሠባቸው ቅኝ ግዛቶች የሚኖሩ እንግሊዞች ምሬቱን በስኳርና በውሃ እየሰበሩ ይወስዱት ነበር። በ1858 ኢራስመስ ቦንድ የተባለ ሰው ለንደን ውስጥ ጋዝ ላለው ቶኒክ የባለቤትነት መብት አወጣ። ዛሬ ጠርሙሱን የምንከፍተው ለጣዕሙ ነው፤ ምሬቱ ግን ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው።

ቦንድ ጠርሙሱን ከመሙላቱ በፊት እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሼል ነበር። ኸርሼል በ1845 የኩዊኒን ብጥብጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ሲመለከት ብርሃኑ በሚገባበት በኩል፣ ከላዩ ብቻ፣ ስስ ሰማያዊ ንጣፍ አየ። ወደ ውስጥ ያለው ውሃ ጥርት ያለ ነበር። ከሁሉ የከነከነው ቀጥሎ ያየው ነው። በአንዱ ብርጭቆ አልፎ የወጣው ብርሃን ለዓይን ምንም የጎደለው ነገር ሳይኖር ሁለተኛውን ብርጭቆ ሊያበራ አልቻለም። ብርሃኑ አንድ ነገር ጥሎ ወጥቷል፤ የጣለው ነገር ግን አይታይም።

ይህን ለማየት መብራት እንኳ አያስፈልግም። ቶኒክ በብርጭቆ ሞልቶ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ አድርጎ ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ጎንበስ ብሎ ፀሐይ የሚገባበትን ጠርዝ ለሚመለከት ኸርሼል ያየው ሰማያዊ እዚያው አለ። እኛ ደጋ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ከእንግሊዝ ሳይንቲስት ይልቅ ለዚህ የተመቸ ሰማይ አለን። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋም ከራስ በላይ ነው የምትቆመው።

የኸርሼልን እንቆቅልሽ የፈታው አየርላንድ ውስጥ ተወልዶ ኬምብሪጅ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ ነው። በ1852 ያሳተመው ጥናት ረጅም ነው፤ መካከሉ ላይ ያለው ሙከራ ግን ማንም ሊያስበው የሚችል ነው። ጨለማ ክፍል፣ በመስኮቱ ስንጥቅ የምትገባ የፀሐይ ጨረር፣ ጨረሩን ወደ ቀለማቱ የሚበትኑ ፕሪዝሞች። ስቶክስ ኩዊኒን የሞላበትን የመስታወት ቱቦ ይዞ ቀይ ላይ አደረገው፤ ምንም። ቢጫ ላይ፣ አረንጓዴ ላይ፤ ምንም። ወደ ሐምራዊው መጨረሻ ሲደርስ ቱቦው መብራት ጀመረ። ከሐምራዊው አልፎ ምንም ብርሃን ወደሌለበት ጨለማ ሲያስገባው ቱቦው በራ።

እዚያ ቦታ ላይ ዓይን ጨለማ ያያል፤ ቱቦው ግን ብርሃን ተቀብሏል። ኸርሼል ከመጀመሪያው ብርጭቆ የጠፋበት ነገር ይኸው የማይታየው ጨረር ነው። የመጀመሪያው ብርጭቆ ጠጥቶ ጨረሰው፤ ለሁለተኛው አልተረፈም። ስቶክስ የሚወጣው ብርሃን ከሚገባው ይልቅ ረጅም ሞገድ እንዳለው ደነገገ፤ ክስተቱንም ዛሬ በምንጠራበት ስም ጠራው። ቀጥሎም ሌላ ቀላል ዘዴ አመጣ። ብርሃኑን በሰማያዊ መስታወት አሳልፎ ወደ ዕቃው መላክ፤ ዕቃውን ደግሞ በቢጫ መስታወት በኩል ማየት። ሁለቱ መስታወቶች አንዱ የሚያሳልፈውን ሌላው ስለሚከለክል በቢጫው በኩል ለዓይን የሚደርሰው ዕቃው ራሱ የለወጠው ብርሃን ብቻ ይሆናል። ዛሬ ያለ ማንኛውም የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ በዚህ ሐሳብ ላይ የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ጨው። ገበታ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሶዲየምና ክሎራይድ ሆኖ ይለያያል። ጥፋተኛው ክሎራይድ ነው። ጨረር የያዘ ኩዊኒን ያንን ብርሃን መልሶ እስኪለቅ ድረስ የሚቆየው 20 ናኖሰከንድ ገደማ ነው፤ ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። ለእኛ ምንም ነው፤ ውሃ ውስጥ ለሚርመሰመስ ሞለኪውል ግን ከሌሎች ጋር ለመገናኘት የሚበቃ ጊዜ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ክሎራይድ ከነካው ኩዊኒኑ ጉልበቱን ብርሃን ሳያደርግ በሙቀት ይለቅና ወደ ቦታው ይመለሳል። ጨረር መያዙን አልተወም፤ ኬሚካሉም አልተበላሸም። ብርሃን ሊሆን የነበረው ሙቀት ሆኖ ውሃው ውስጥ ቀረ። ሙቀቱ በቴርሞሜትር የማይለካ ኢምንት ነው፤ ብርሃኑ የሄደው ግን እዚያ ነው። ስኳር ሲነካው ይህን አያደርግበትም፤ የልጅቷ ሌላኛው ብርጭቆ ያልጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ማጥፋት የራሱ ሕግ አለው። ኦቶ ሽተርን እና ማክስ ፎልመር የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን በ1919 እንዳሳዩት የመጀመሪያው ብርሃን ለቀረው ብርሃን ሲካፈል ውጤቱ ከአጥፊው መጠን ጋር ቀጥ ባለ መስመር ይጨምራል። እንግዲህ ብርሃኑ ምን ያህል እንደደበዘዘ ያወቀ ምን ያህል ጨው እንዳለ ያውቃል። ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ ከኩዊኒን ጋር አንድ ዓይነት ቀለበት ያላቸውን ሞለኪውሎች ሠርተው ሕይወት ባለው ሴል ውስጥ ያለውን ክሎራይድ መለካት የጀመሩት በዚህ መንገድ ነው። ክሎራይድ በሴል ግድግዳ በኩል በትክክል ባለማለፉ ሳንባን የሚያውክ በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ይባላል፤ የእሱ ጥናት ከዚህ ብዙ ተጠቅሟል።

በእኔ ዕይታ ስለሚያበሩ መጠጦች ከሚነገረው ሁሉ የሚበልጠው ይህ የጨው ነገር ነው። ሰዎች ብርጭቆው ሲበራ አድንቀው ያቆማሉ። እውቀቱ ያለው ግን ሲጠፋም ነው። በኮቪድ ጊዜ ከአፍንጫችን የተወሰደው ናሙና የገባበት የፒሲአር ምርመራ የሚሠራው በዚህ ነው። ለምርመራው የሚጨመረው አነስተኛ ሞለኪውል በአንድ ጫፉ የሚያበራ ነገር፣ በሌላው ጫፉ ያንን የሚያጠፋ ነገር ተሸክሟል። ሁለቱ ተጠግተው እስካሉ ድረስ ጨለማ ነው። የቫይረሱ የዘር ሰንሰለት ሲገኝና ሲባዛ አጥፊው ከሚያበራው ይለያል፤ ብርሃንም ይወጣል፤ መሣሪያው ያንን ቆጥሮ «አለ» ይላል። በየሆስፒታሎቻችን ለሳንባ ነቀርሳ የሚያገለግለው ጂን ኤክስፐርትም የሚያነበው እንዲህ ያለውን ብርሃን ነው።

ከጂን ኤክስፐርት በፊትም፣ እስካሁንም በብዙ ጤና ጣቢያዎች፣ አክታ የሚመረመረው በማይክሮስኮፕ ነው። በቆየው ዘዴ ባክቴሪያው ቀይ ቀለም ይቀባና ባለሙያው በከፍተኛ ማጉያ ጠባብ ጠባብ ቦታ እያየ ይፈልገዋል። በፍሎረሰንስ ዘዴ ኦራሚን በተባለ ቀለም ይቀባል፤ በጨለማ መደብ ላይ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚያበራ በዝቅተኛ ማጉያ ሰፊ ቦታ በአንድ ጊዜ ማየት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 በኤልኢዲ የሚሠራው ማይክሮስኮፕ የቀድሞውን እንዲተካ ሲመክር ዘዴው በአማካይ 10 በመቶ ገደማ የበለጠ በሽተኛ እንደሚለይ ጠቅሷል። ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ማይክሮስኮፕ ላይ ደፍታ ለምትውል የላቦራቶሪ ባለሙያ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

የቆዳ ሐኪሞችም በዚሁ ጨረር የራስ ቆዳን ያያሉ። መብራቱ በፈጣሪው በአሜሪካዊው ሮበርት ውድ ስም ይጠራል፤ ከ1925 ጀምሮ የቆረቆር ምርመራ ላይ ይውላል፤ አንዳንዱ ፈንገስ የያዘው ፀጉር አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። እዚህ ላይ ለወላጆች የምናገረው አለኝ። በአገራችን ልጆች ላይ በብዛት ቆረቆር የሚያመጣው ፈንገስ ከማያበሩት ነው። ልጃችሁን በፎርጅድ መለያ ባትሪ አይታችሁ ምንም አላበራም ብላችሁ አትተዉ።

ወጥ ቤታችን ውስጥ ከቶኒክ ሌላም የሚያበራ ብዙ አለ። አይብ ስናወጣ የሚቀረውን አጓት እስቲ ልብ በሉት፤ በቀን ብርሃን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ነው። ያ ቀለም ሪቦፍላቪን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ2 ነው። በባትሪው ሲታይ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። ጥሩ አጓት ቀዝቅዞ በብርጭቆ ሲቀርብ እንግዲህ ምንም ያልተጨመረበት የሚያበራ መጠጥ ነው፤ ለልጅ ከቶኒክ ይልቅ እሱን አስቀድማለሁ። ሪቦፍላቪን ብርሃን ሲበዛበት ይፈርሳል፤ ወተት በጠራ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ መቆየት የሌለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እርድ ውሃ ውስጥ ደብዛዛ ነው፤ ዘይት ውስጥ ሲገባ ግን ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። የሁሉም የበላይ ለእኔ ጎመን ነው። ቅጠሉን ወቅጣችሁ በሐኪም ቤት አልኮል ዘፍዝፉትና አጥልሉት። በጠርሙስ የምታዩት ደማቅ አረንጓዴ ነው። ጨለማ ውስጥ ባትሪው ሲያርፍበት ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል። ክሎሮፊል የተቀበለውን ብርሃን ምግብ መሥሪያ የሚያደርግበት የቅጠሉ አካል ስለተለየው ጉልበቱን በቀይ ብርሃን ይመልሰዋል። ይህኛው አይጠጣም፤ ለዓይን ብቻ ነው። ሕይወት ያለው ቅጠልም ከዚህ ቀይ ጥቂት ሁልጊዜ ያወጣል፤ ዓይናችን ግን አይለየውም። ከ2011 ጀምሮ ሳይንቲስቶች ያንን ደካማ ብርሃን ከሳተላይት ሆነው እየለኩ የምድርን ዕፅዋት ካርታ ሠርተዋል። ድርቅ የነካው ሰብል ቢጫ ከመሆኑ በፊት ብርሃኑ ይለወጣል፤ በዝናብ ለሚኖር ገበሬ አገር ይህ ልንከታተለው የሚገባ እውቀት ነው።

የታጠበ ነጠላም ያበራል። ብዙ የልብስ ማጠቢያ ዱቄቶች አልትራቫዮሌት ተቀብለው ሰማያዊ የሚሰጡ ኬሚካሎች አሉባቸው፤ ጨርቁ ላይ ቀርተው ከነጭ በላይ ነጭ የሚያስመስሉት እነሱ ናቸው። ገና ከሸማኔ የመጣ ጥሬ ጥጥ አጠገቡ ሲቀመጥ ልዩነቱ ይታያል።

ያበራ ሁሉ ግን አይጠጣም፤ ይህን ጠንክሬ እናገራለሁ። የማድመቂያ እስክሪብቶ ቀለም፣ የልብስ ዱቄት፣ ሲታጠፍ የሚያበራ የግብዣ ዘንግ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከመጠጥ ጋር እንዳይቀላቀሉ። ጨዋማውንም ብርጭቆ መድፋት ነው። ቶኒክም ቢሆን ልክ አለው። የአሜሪካ ሕግ በሊትር ከ83 ሚሊግራም በላይ ኩዊኒን አይፈቅድም። የኩዊኒን አለርጂ ያለባቸው፣ የልብ ምት መዛባት ያለባቸው፣ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸውና ነፍሰ ጡሮች ቢተዉት ይሻላል።

ለቆላ አንባቢዬ ደግሞ፦ ቶኒክ ወባ አይፈውስም። አዋቂ የወባ ታማሚ በኩዊኒን ሲታከም በቀን የሚወስደው 1,800 ሚሊግራም ያህል ነው፤ ያን ከቶኒክ ለማግኘት በቀን ከ20 ሊትር በላይ መጠጣት ሊኖርበት ነው። ለከባድ ወባም ዛሬ በቅድሚያ የሚመከረው ኩዊኒን ሳይሆን አርቴሱኔት ነው፤ በ2005 እና በ2010 በእስያና በአፍሪካ በተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች ከኩዊኒን የበለጠ ሕይወት አትርፏል። ትኩሳት ያለበት ሰው ቦታው ጤና ጣቢያ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ላቦራቶሪ የሌላቸውን ትምህርት ቤቶች እያሰብኩ ነው። ብዙ ልጆቻችን ኬሚስትሪን ከሰሌዳ ላይ ገልብጠው ያልፋሉ፤ አንድም ነገር ሲለወጥ ሳያዩ። ለአንድ ክፍል ተማሪ ግን አንድ ጠርሙስ ቶኒክ፣ ጨው፣ የፎርጅድ መለያና የመምህሩ ስልክ ይበቃሉ። ቶኒኩ አስቀድሞ ክፍት ሆኖ ይደርና ጋዙ ይውጣ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ውሃ ይሟሟል። እኩል ቶኒክ በተሞሉ ብርጭቆዎች ላይ ከዚህ ጨዋማ ውሃ ለመጀመሪያው ምንም፣ ለሁለተኛው አንድ ማንኪያ፣ ለሦስተኛው ሁለት እየተባለ ይጨመራል፤ ጨዋማው ውሃ ባነሰባቸው ላይ ንጹህ ውሃ ጨምሮ ሁሉንም እኩል ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ብርሃኑ የደበዘዘው በጨው ይሁን በመቅጠኑ አይለይም። የስልኩ ካሜራ ብርሃኑን ራሱ እንዳያስተካክል ይቆለፍ፤ ባትሪውም ከሁሉም እኩል ይራቅ። ከፎቶው ላይ የየብርጭቆው ድምቀት ይነበባል፤ ጨው የሌለበት ድምቀት ለየብርጭቆው ድምቀት ይካፈላል፤ ውጤቱ በካሬ ወረቀት ላይ ይነጠባል። ነጥቦቹ ወደ ቀጥታ መስመር ይጠጋሉ፤ ስልክ የላቦራቶሪ መሣሪያ ስላልሆነ ጥቂት ይወላገዱ ይሆናል።

ከዚያ መምህሩ ወይም መምህርቷ ምን ያህል ማንኪያ እንደተጨመረበት ያልተነገረ አንድ ብርጭቆ ያመጣሉ። ተማሪዎቹ አይቀምሱትም። ፎቶ ያነሡታል፣ ያካፍላሉ፣ መስመሩ ላይ ቦታውን ይፈልጋሉ፣ ከዚያም ስንት ማንኪያ እንደገባበት ይናገራሉ።